በጭሱ ውስጥ ማን ያዛል?

አጎቴ ከኪየቭ ተመርቆ ሲመለስ ካመጣው ዕቃ ሁሉ እስከ መጨረሻው የቆዩት አራት ጥራዝ መጻሕፍት ናቸው። ካፖርቱን አዲስ አበባ ምን ሊያደርግለት፣ ለዘበኛ ሰጠው። ሬዲዮኑ ተበላሸ። ሳሞቫሩን እናቴ የአበባ ማስቀመጫ አደረገችው። አራቱ መጻሕፍት ግን ከቡፌው ጥግ ሳይነቃነቁ ኖሩ። እኔ ፊደላቸውን ስለማላውቅ ጥቅማቸው የሚታየኝ እጄ የማይደርስበት ነገር ማውረድ ሲያምረኝ ብቻ ነበር። አንድ ቀን አራቱንም ደራርቤ፣ ላያቸው ላይ ቆሜ ስኳር ሳወርድ ጋሼ ደረሰብኝ። አልመታኝም። «ቶልስቶይ ላይ ወጥተህ የታየህ ስኳር ብቻ ነው?» አለኝ።

ፊልሙን አብረን ያየነው ከዚያ ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ እሱ ጡረታ ወጥቶ፣ እኔም ደመወዝተኛ ከሆንኩ በኋላ ነው። ፒያሳ ከአንድ ዲቪዲ ሻጭ ባለ አራት ክፍሉን «ጦርነትና ሰላም» አገኘሁና ለፋሲካ ይዤለት ሄድኩ። በአራት ምሽት ጨረስነው። የቸገረኝ ሪሞቱ በእሱ እጅ መሆኑ ነው። መድፍ ማጓራት ሲጀምር ያፈጥነዋል፤ ዳንሱ ጋ ሲደርስ ግን ወደ ኋላ እየመለሰ ሦስቴ አራቴ ያየዋል።

«ጋሼ፣ ጦርነቱን ለምን ታሳልፈዋለህ? ሰው እኮ ይሄን ፊልም የሚያየው ለጦርነቱ ነው» አልኩት።

«ጦርነቱንማ ወታደር ይሠራዋል» አለ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል፤ «ይቺን ግን ማን ይሠራታል?»

ያን ጊዜ የሽማግሌ ግትርነት መስሎኝ ነበር። የፊልሙን አሠራር ታሪክ እያገላበጥኩ በሄድኩ ቁጥር ግን ነገሩ ሲከነክነኝ ኖሯል። ግማሹን እውነት ተናግሯል። የቀረውን ግማሽ ዛሬ ልከራከረው ነው፣ ባይሰማኝም። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ እየቀነሳችሁ አንብቡ።)

ነገሩ የጀመረው በቅናት ነው። በ1956 ዳይሬክተሩ ኪንግ ቪዶር የቶልስቶይን መጽሐፍ ኦድሪ ሄፕበርንን ናታሻ፣ ሄንሪ ፎንዳን ፒየር አድርጎ ፊልም ሠራው። ይህ የአሜሪካኖች ፊልም በ1959 ሶቪየት ኅብረት ሲገባ ከ30 ሚሊዮን በላይ ሰው አየው። ለሞስኮ ሹማምንትና ለፊልም ሰዎቻቸው ይህ ደስ የሚል ወሬ አልነበረም። የገዛ ልጃቸውን ጎረቤት ድሮት፣ እነሱ በእንግድነት ተጠርተው ሠርጉን አጨብጭበው እንደተመለሱ ያህል ነው የተሰማቸው። ስፑትኒክን ያመጠቀ፣ ጋጋሪንን ሰማይ አድርሶ የመለሰ አገር የራሱን ቶልስቶይ ከባዕድ እጅ ማየቱ የክብር ጉዳይ ሆነ። በባህል ሚኒስትሯ በየካቴሪና ፉርትሴቫ ዘመን ሥራው ተወሰነ፤ ከብዙ ሽኩቻ በኋላም ለሰርጌይ ቦንዳርቹክ ተሰጠ።

ቦንዳርቹክ ማነው? በ1920 ዩክሬን ውስጥ የተወለደ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የዘመተ፣ ስመ ጥር ተዋናይ ነው። በዳይሬክተርነት ግን እስከዚያ ድረስ የሠራው አንድ ፊልም ብቻ ነበር፤ በ1959 የወጣውና ከሾሎኮቭ አጭር ልቦለድ የተወሰደው «የሰው ዕጣ»። አንድ ፊልም ብቻ ለሠራ ሰው የአገሩን ትልቁን መጽሐፍ፣ ከዚያም ጦር ሠራዊቱን አስረከቡት። በእኛ አገር ይህን ያህል የሚታመን ሰው ቢያንስ ሦስት የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልገዋል።

ቀረጻው የተጀመረው ሴፕቴምበር 7 ቀን 1962 ነው። ቀኑ እንዲያው የወጣ አይደለም፤ ናፖሊዮንና ኩቱዞቭ ቦሮዲኖ ላይ የተፋለሙበት 150ኛ ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ መንግሥት ያልከፈተው ጎተራ የለም። ከ40 የሚበልጡ ሙዚየሞች ከሻማ መቅረዝ እስከ ማንኪያ አዋጡ። የዘመኑ መድፎች አምሳያ ተቀልጦ ተሠራ። በሺህ የሚቆጠር የደንብ ልብስ ተሰፋ። ፈረሰኛ ጦር የሚባለው ነገር በዚያ አገር ከቀረ ቆይቶ ስለነበር አንድ የፈረሰኛ ሬጅመንት ለሲኒማ ተብሎ እንደ አዲስ ተቋቋመ። ፈረሱ ከተራራ መድፈኞች ተለቀመ፣ ከእርሻ ሚኒስቴር መጣ፣ ከሞስኮ ፖሊስ ተበደሩ።

የውሾቹን ታሪክ ሳልነግራችሁ አላልፍም። መጽሐፉ ውስጥ የናታሻ ቤተሰቦች፣ ሮስቶቮች፣ ተኩላ አደን የሚወጡበት ረጅም ምዕራፍ አለ፤ እኔ ከመጽሐፉ ሁሉ የምወደው ነው። አዳኞቹ ቦርዞይ የሚባሉ እግረ ረጃጅም የመኳንንት ውሾች ናቸው። የፊልሙ ሰዎች ከግለሰቦች ቤት 16 ቦርዞይ ለቅመው አመጡ። ውሾቹ ግን ሶፋ ላይ ያደጉ ናቸው፤ አደን የሚባል ነገር አይተው አያውቁም፣ ትእዛዝም እሺ አይሉም። በመጨረሻ ምን ተደረገ? ከመከላከያ ሚኒስቴር አነፍናፊ ውሾች መጡ። ተኩላዎቹን የሰጠው የሳይንስ ፊልም ስቱዲዮው የእንስሳት ክፍል ነው። እናም የወታደር ውሾች የሳይንስ ተኩላዎችን ያባርራሉ፣ ከኋላ ደግሞ ቦርዞዮቹ ነገሩ ምን እንደሆነ ሳይገባቸው ውሾቹን ያባርራሉ። ስታዩት የምታዩት የ1810 ሩሲያን የመኳንንት አደን ነው፤ ትንፋሽ የሚያሳጥር ትዕይንት።

ወደ ሠራዊቱ እንምጣ። በዓለም የድንቃድንቅ መዝገብ ሳይቀር የቦሮዲኖ ትዕይንት 120 ሺህ ወታደር የተሳተፈበት ነው ተብሎ ተጽፏል። እኔም ለዓመታት ይህን ቁጥር ለሰው ሳወራ ኖሬአለሁ። ውሸት ነው። ሰልፉ ላይ የቆመው 13 ሺህ ተኩል ያህል እግረኛና 1,500 ፈረሰኛ ነው፤ ቦንዳርቹክ ራሱም ኋላ ላይ 12 ሺህ ገደማ ነበሩ ብሎ አስተባብሏል። የሚገርመው 120 ሺህ የሚለው ቁጥር ኩቱዞቭ በ1812 ቦሮዲኖ ላይ ካሰለፈው እውነተኛ ጦር ጋር መቀራረቡ ነው። ወሬው ፊልሙን በጦርነቱ ልክ ሰፋው። በወጪውም እንዲሁ ነው። የተመዘገበው ከ8 ሚሊዮን ሩብል ትንሽ የሚበልጥ ሆኖ ሳለ፣ ምዕራባውያኑ 100 ሚሊዮን ዶላር ፈሶበታል እያሉ አወሩ። ፊልሙን ሳያዩ ቁጥሩን የሚያውቁ ሰዎች ዛሬም አሉ፤ ከነሱ አንዱ ነበርኩ።

አሁን ከአጎቴ ጋር ወደምከራከርበት ደረስኩ።

ቶልስቶይ «ጦርነትና ሰላም»ን ሲጽፍ እንደ አንድ ደንበኛ መርማሪ ነው የሠራው። ከ1865 ጀምሮ በመጽሔት መውጣት የጀመረው ሥራ በ1869 እስኪጠናቀቅ ድረስ ማኅደር ሲያገላብጥ ነበር። በ1867 የሚስቱን ታናሽ ወንድም አስከትሎ ቦሮዲኖ ሜዳ ድረስ ሄደ። በፈረስ ዞረው፤ ንጋት ላይ ፀሐይ በማን ዓይን ላይ እንደምታርፍ ሳይቀር በማስታወሻው ያዘ። ወጣት ሳለም በክራይሚያ ጦርነት የሴባስቶፖልን ከበባ በመድፈኛ መኮንንነት አይቷል። ስለዚህ ጦርነትን በመጽሐፍ ያወቀ ሰው አይደለም። ከዚያ ሁሉ ልፋት በኋላ የደረሰበት መደምደሚያ አንባቢውን የሚያናድድ ነው፤ ጦርነትን የሚመራው ማንም የለም ይላል። ናፖሊዮን ከጉብታው ላይ በመነጽር ሲያይ ጭስ ነው የሚያየው። የሚሰጠው ትእዛዝ መልእክተኛው እስኪደርስ ጊዜው ያልፍበታል፤ ወይም መልእክተኛው በመንገድ ይሞታል፤ ወይም ደርሶም ማንም አይፈጽመውም። የሚሆነው ሁሉ የሚሆነው ጭሱ ውስጥ ባሉት፣ ስማቸው በማይታወቅ ሰዎች ፍርሃትና ድፍረት ነው። ኩቱዞቭ በቶልስቶይ ዓይን ታላቅ የሆነው ይህን አውቆ እጁን ስለሰበሰበ ነው፤ ሲያሻውም ስብሰባ ላይ ስለሚያንቀላፋ።

እንግዲህ አስቡት። «አዛዥ የሚባለው ከንቱ ነው» የሚል መጽሐፍ፣ ትእዛዝ ወርዶ፣ ጄኔራሎች አማካሪ ሆነው፣ 13 ሺህ ወታደር ተሰልፎ ፊልም ይሆናል። ቦሮዲኖ የተቀረጸው ቦሮዲኖ ላይ አይደለም። እውነተኛው ሜዳ በመታሰቢያ ሐውልት ተሞልቷልና ስሞሌንስክ አውራጃ ዶሮጎቡዥ አጠገብ ሌላ ሜዳ ተመረጠ። ጊዜው ኦገስት 1963 ነው። 23 ቶን ፈንጂና 40 ሺህ ሊትር ኬሮሲን ተዘጋጀ፤ ፈንጂውን ብቻ የሚቆጣጠሩ 120 የጦር መሐንዲሶች ቆሙ። ዳይሬክተሩ በጉብታ ላይ ቆሞ ያዛል። ጭሱ ሲነሳ ግን የሚያየው ምንድን ነው? ጭስ ነው። እሱም በተራው የቶልስቶይ ናፖሊዮን ሆነ ማለት ነው።

ይህን ያወቀ ይመስለኛል። አለበለዚያ ያን ትዕይንት እንደዚያ ባልቀረጸው። የጦርነት ፊልም ልማዱ የታወቀ ነው፤ ካርታ ያሳዩሃል፣ እነዚህ ከግራ እነዚያ ከቀኝ ይመጣሉ፣ ጀግናው በመሐል ይጋልባል፣ ማን እንዳሸነፈ ታውቃለህ። የቦንዳርቹክ ቦሮዲኖ እንደዚያ አይደለም። ካሜራው በተዘረጋ ገመድ ላይ ተሰቅሎ በሜዳው አናት ላይ እንደ መድፍ ጥይት ይወረወራል፤ ከሥሩ ሰው፣ ፈረስ፣ እሳት፣ አፈር ተቀላቅሎ ያልፋል። የትኛው ፈረንሳይ የትኛው ሩሲያ እንደሆነ ይጠፋብሃል። በዚያ መሐል ፒየር፣ ያ መነጽሩን የማይለቅ ወፍራም ሲቪል፣ ነጭ ባርኔጣውን አድርጎ መንገድ እንደጠፋው የገበያ ሰው ይንከራተታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳየው ሰለቸኝ፣ ማን እየገፋ እንደሆነ ማወቅ አቃተኝ። በሦስተኛው ነው የገባኝ፤ አለማወቄ ነው ትዕይንቱ። በ1812 አንድ ቀን ሙሉ ከ70 ሺህ ያላነሰ ሰው የሞተበትና የቆሰለበት ሜዳ ላይ የነበረ ማንም ሰው ቢሆን ከዚህ የተሻለ አላየም።

ስለዚህ ጋሼ፣ ጦርነቱንም ወታደር አልሠራውም። መጽሐፉን ያነበበ ሰው ነው የሠራው።

ይህን ካልኩ ዘንዳ ለአጎቴ ደግሞ እውነቱን ልስጠው። ፊልሙ ልብ የሚሰርቀው ዳንሱ ጋ ነው። ናታሻ ሮስቶቫ በሕይወቷ የመጀመሪያውን ታላቅ ድግስ ገብታለች፤ ነጭ ለብሳለች፤ ሰዉ ጥንድ ጥንድ እየሆነ ይወጣል፤ እሷን የሚጋብዝ የለም። ካሜራው ፊቷ ላይ ይቆማል። ትስቃለች፣ ፈገግታዋ ይከስማል፣ እንደገና ትሞክራለች። ልታለቅስ ነው። በየሠርጉ ግድግዳ ተደግፋ የቆመች ልጅ ሁሉ ይህን ፊት ታውቀዋለች። ከዚያ ፒየር ልዑል አንድሬይን ጎትቶ ያመጣዋል። ከዚያ በኋላ ያለውን አልነግራችሁም።

ይህ ትዕይንት እንዴት ተሠራ? ካሜራ የያዘው ሰው ባለ መንኮራኩር ጫማ ማለትም ሮለር ስኬት አድርጎ በተወዛዋዦቹ መሐል እየተንሸራተተ ነው የቀረጸው። የመከላከያ ሚኒስቴር እዚህ ቦታ የለም። በዓለም ትልቁ ተብሎ የተወራው ፊልም በጣም የሚወደደው ትዕይንቱ የልጆች መጫወቻ ጫማ ላይ ቆሟል።

የሥራው ድፍረት ያለው ሌላም ቦታ ነው፤ ሰዎች ብዙ አያነሱትም። ናታሻ የሆነችው ሉድሚላ ሳቬልየቫ ተዋናይ አልነበረችም። ሌኒንግራድ ውስጥ ባሌ ተምራ የወጣች የሃያ ዓመት ልጅ ነች፤ በጃንዋሪ 1942፣ ከተማዋ በጀርመን ተከባ ሰው በረሃብ በሚያልቅበት ክረምት የተወለደች። ፀጉረ ወርቃማ ናት፣ የቶልስቶይ ናታሻ ግን ጥቁር ዓይን ናት። ቦንዳርቹክ መጀመሪያ ሲያያት ልቡ አልገባችም ይባላል፤ ልብስና ዊግ አድርጋ ስትመለስ ነው ነገሩ የተለወጠው። ሙዚቃውን የጻፈው ቪያቼስላቭ ኦቭቺኒኮቭ ሥራው ሲጀመር 26 ዓመቱ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ካሜራ ባለሙያዎች፣ ስመ ጥር ባልና ሚስት፣ ከዳይሬክተሩ ጋር ሳይስማሙ ጥለው ሲሄዱ በቦታቸው የገባው አናቶሊ ፔትሪትስኪ ገና ስሙ ያልተሰማ ወጣት ነው። የመንግሥት ገንዘብ፣ የመንግሥት ጦር፣ የመንግሥት ክብር የተያዘበት ሥራ የተጣለው ስም በሌላቸው ልጆች ጫንቃ ላይ ነው። እኛ ዘንድ ትልቅ ሥራ ሲታሰብ አስቀድሞ የሚጠራው ትልቅ ስም ነው።

ፍጹም ነው እያልኩ አይደለም። ቦንዳርቹክ ፒየርን ራሱ ተጫወተው፤ በመጽሐፉ መጀመሪያ ፒየር ሃያ ዓመት ገደማ ነው፣ ቦንዳርቹክ 42። የፒየርን ቆንጆ ሚስት ኤሌንን ለራሱ ሚስት ለኢሪና ስኮብትሴቫ ሰጣት፤ እሷም በዕድሜ ከገጸ ባሕርይዋ ብዙ ትበልጣለች። ይህን ሳነሳ አጎቴ «አገሩ ሁሉ እንደዚህ ነው» ብሎ ስቋል። የፒየር የፍሪሜሶን ታሪክ ሙሉ በሙሉ ተቆርጧል። የታሪክ ፍልስፍናውም አብዛኛው ቀርቷል፤ ለዚህ እንኳ አልወቅሰውም፣ እኔም መጽሐፉን ሳነብ ያን ክፍል በጨረፍታ ነው ያለፍኩት። የምወቅሰው በኒኮላይ ሮስቶቭና በልዕልት ማሪያ ነው። ፍቅራቸውን ጥራጊ አደረገው። ማሪያ፣ መልከ ጥፉ ናት የተባለችው፣ አባቷ ሲያሰቃያት የምትኖረው፣ ዓይኗ ብቻ የሚያበራው፣ የዚያ መጽሐፍ ግማሽ ልብ ናት። ከሰባት ሰዓት በላይ በሆነ ፊልም ውስጥ ለእሷ ቦታ ጠፋ መባሉ አይዋጥልኝም። የተራኪው ድምፅም ይበዛል። አንዳንድ ቦታ ቶልስቶይን እያየን ሳለ ቶልስቶይን ያነብልናል።

ልፋቱን ግን ልብ በሉት። ፊልሙ በ70 ሚሊ ሜትር ነው የተቀረጸው፤ ጥሬ ፊልሙ የተሠራው እዚያው አገር፣ ዩክሬን ሾስትካ ከተማ ባለው ፋብሪካ ነበር። ጥራቱ አስተማማኝ አልነበረም። ተቀርጾ፣ ታጥቦ ሲታይ የተበላሸ እየሆነ ተመልሶ የተቀረጸው ብዙ ነው። ያን ሜዳ ሁሉ አሰልፈህ፣ ያን ሁሉ አፈንድተህ፣ ከላቦራቶሪ «እንደገና» የሚል መልስ ሲመጣብህ አስበው። በ1964 ክረምት ነው፣ የእነሱን በጋ ማለቴ ነው፣ የቦንዳርቹክ ልብ ለጥቂት ጊዜ ቆመ። ሐኪሞች መለሱት። ሲነቃ «ከሞትኩ ገራሲሞቭ ይጨርሰው» አለ ይባላል፤ ገራሲሞቭ ሌላ ዳይሬክተር ነው። በላዩ ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች ለ1965 የሞስኮ ፌስቲቫል ይድረሱ የሚል ትእዛዝ መጣበት። አደረሳቸው፤ ታላቁን ሽልማት ከአንድ የሃንጋሪ ፊልም ጋር ተካፈለ። ለሞስኮ ቃጠሎ ደግሞ ቮሎኮላምስክ አካባቢ፣ ከአንድ ጥንታዊ ገዳም አጠገብ ከተማ ሠርተው በኦክቶበር 1966 በእሳት አጋዩት። በ1969 ኦስካር ሲሸለም ሐውልቱን የተቀበለችው ያቺ ባሌ ተወዛዋዥ ናት።

አንድ ነገር ላስገባ፤ እኛ አገር ሲነሳ አልሰማሁም። በ1896፣ የእኛ አባቶች ዐድዋ ላይ ድል ባደረጉበት ዓመት፣ ቶልስቶይ ለጣሊያን ሕዝብ የሚሆን ጽሑፍ ጀምሮ ነበር። ሳይጨርሰው ቀረ። የቦሮዲኖን ጭስ የጻፈው ሰው የዐድዋም ወሬ ደርሶት ብዕሩን አንስቷል ማለት ነው።

የዐድዋ ነገር ከተነሳ፣ በየየካቲቱ የማይቀር ወሬ አለ። «ዐድዋን የሚያህል ታሪክ ይዘን ፊልም የለንም» ይባላል። ቀጥሎ የሚመጣው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ስንት ሚሊዮን ዶላር፣ ስንት ሺህ ፈረስ፣ መከላከያ ወታደር ይሰጠናል ወይ። እኔም እንደዚያ ሳወራ ኖሬአለሁ። ስክሪፕቱ የት ነው ብሎ የጠየቀ ሰው በነዚያ ጨዋታዎች ላይ አላጋጠመኝም። ኃይሌ ገሪማ በ1999 «ዐድዋ»ን ሲሠራ ሠራዊት አላሰለፈም። የሽማግሌ አፍ፣ ሥዕል፣ ዘፈንና ተራራ ነው የያዘው፤ ያ ፊልም እስከ ዛሬ ይታያል። የሐዲስ ዓለማየሁን ልቦለድ ደግሞ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲያነብ አንድ ማይክሮፎን ብቻ ነበር። ጉዱ ካሣን ያየነው በዚያ ድምፅ ነው። መልኩን ጠይቁኝ፣ ከነካባው እነግራችኋለሁ፤ አይቼው አላውቅም።

ገንዘብ አያስፈልግም አልልም፤ ቦንዳርቹክ ያለ መንግሥት ካዝና ቦሮዲኖን ባልሠራው። ነገር ግን ያ ካዝና በኋላ ለእሱም አልጠቀመውም። በ1970 የሠራው «ዋተርሎ» ከ«ጦርነትና ሰላም» የማይተናነስ ወታደር ነበረው፤ የሰለጠነ ጦር፣ ያማረ ልብስ፣ የሚያስደንቅ የፈረሰኛ ግልቢያ። ከሥሩ ግን ቶልስቶይ የለም። ሳየው አልሰለቸኝም፣ በነጋታው ግን ምንም አላስታወስኩም።

አንድ ቁጥር ላክልና ልጨርስ፤ ይኸኛው እንኳ የታመነ ነው። የመጀመሪያውን ክፍል ሶቪየት ኅብረት ውስጥ 58 ሚሊዮን ያህል ሰው አየው። ሁለተኛውን 36፣ ሦስተኛውን 21፣ አራተኛውን 20 ሚሊዮን እንኳ ያልሞላ ሰው። ይህን ለጋሼ ብነግረው ኖሮ «ሰዉ ሪሞት ስላልነበረው ነው» ባለኝ ነበር። መጻሕፍቱ አሁን እኔ ቤት ናቸው። ፊደሉን ዛሬም አላውቀውም፤ አማርኛውንና እንግሊዝኛውን ይዤ ከጎናቸው እቀመጣለሁ።

ፊልሙን የሠራው ስቱዲዮ ሞስፊልም አድሶ በዩቲዩብ ገጹ በነፃ አስቀምጦታል፣ የእንግሊዝኛ ጽሑፍም ከሥሩ አለው። ሰባት ሰዓቱ ካስፈራችሁ ከሁለተኛው ክፍል ጀምሩ፤ ዳንሱ እዚያ ነው። ፓኬጅ ሙሉ፣ ማታ ሰው ከተኛ በኋላ ክፈቱት። ጦርነቱን ግን አታሳልፉት።